ለገና ሻንጣ የትኛውን ፊልም?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር ልመልስልህ ነበር፤ ግን ስወደው የኖርኩት ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ያልከው እንዲህ ነው። የአክስትህ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን ትመጣለች። ሻንጣዬ ውስጥ ለአምስት ዲስክ ቦታ አለኝ ብላሃለች። አሁን ያሉትን የቆዩ ፊልሞች ታስገዛ ወይስ የተሻለ ቅጂ እስኪወጣ ትጠብቅ፣ ግራ ገብቶሃል። «እናንተ የቆያችሁት ምን እንደሚወጣ ቀድማችሁ የምታውቁት በምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል።

እዚህ አገር ላለ ሰብሳቢ ጥያቄህ ከባድ ጥያቄ ነው። ኒውዮርክ ያለ ሰው ተሳስቶ ቢገዛ በሚቀጥለው ወር ሌላ ያዛል። እኛ የምናገኘው ሰው ሲመጣ ነው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለክረምት። አንድ ዘመድ ካመለጠህ ስድስት ወር ትጠብቃለህ። የምንዛሪው ነገር ደግሞ አለ።

ለገጣፎ ከገባን ጀምሮ የግምት ደብተር አለኝ። በየዓመቱ ይወጣሉ የምላቸውን ፊልሞች እጽፋለሁ፤ የወጣውን በቀይ አሰምርበታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስገልጥ ቀይ መስመር የለም ማለት ይቻላል። የምጽፈው የምወዳቸውን ፊልሞች ነበር። የወደድኩት ሁሉ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ቀዩ መስመር መብዛት የጀመረው «ፊልሙ አሁን ያለው የት ነው? በማን እጅ ነው?» ብዬ መጠየቅ ስጀምር ነው። ፊልሙ ስል ጥቅልሉን፣ ኔጌቲቩን ማለቴ ነው።

የህንዳዊውን ዳይሬክተር የሳትያጂት ሬይን የአፑ ሦስት ፊልሞች እንይ። ኔጌቲቮቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ አንድ ላቦራቶሪ ሲቃጠል ተጎዱ። (ዲስኩ ጀርባ ላይ የምታገኘው የፈረንጁን ዓመት ስለሆነ የውጪዎቹን በእሱ እጽፋለሁ።) ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ያሉ ባለሙያዎች ከእሳቱ የተረፈውን ፊልም በእጃቸው ጠጋግነው አዳኑት። አዲሱ ቅጂ በሜይ 2015 ኒውዮርክ ታየ። ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዲስኩን ያወጣው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። የጃፓናዊው ዳይሬክተር የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ»ም እንደዚያው። ፊልሙ የ1954 ነው። ሰባኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በሜይ 2024፣ የታደሰው ቅጂ ፈረንሳይ አገር ካን ፌስቲቫል ላይ ቀረበ። በኖቬምበር የ4ኬ ዲስኩ፣ ከዲቪዲም ከብሉሬይም የጠራ ምስል ያለው፣ ወጣ።

መንገዱ ይታይሃል? ፊልም መጀመሪያ ላቦራቶሪ ይገባል። ከዚያ ፌስቲቫል ላይ ይታያል፤ በሜይ ካን፣ በጁን ቦሎኛ። ቀጥሎ ሲኒማ ቤት ይገባል። ዲስክ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቆዩ ፊልሞችን ወደ ሲኒማ ቤት የሚያስገባው ጃነስ ፊልምስ የክራይቴሪየን የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጃነስ አንድ የታደሰ ፊልም አሳያለሁ ሲል ደብተሬን አወጣለሁ። ክብ የሆነ የልደት ዓመትም እቆጥራለሁ። «ሲቲዝን ኬን» የ1941 ነው፤ በሰማንያኛ ዓመቱ፣ በ2021፣ ከክራይቴሪየን የመጀመሪያዎቹ የ4ኬ ዲስኮች አንዱ ሆነ። «ካዛብላንካ»ንም የአሜሪካው ኩባንያ ዋርነር በሰማንያኛ ዓመቱ በ4ኬ አወጣው።

ስድስት ወር ግን ሕግ አይደለም። የሴኔጋሉ «ቱኪ ቡኪ» በ2008 ታድሶ ዲስክ የሆነው በ2013 ነው። የሣራ ማልዶሮር «ሳምቢዛንጋ» በ2021 ታድሶ በ2022 ወጣ። ሁለቱም የወጡት የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ባሳደሳቸው ፊልሞች ሣጥን ውስጥ ነው። በእነዚያ ሣጥኖች ውስጥ ስድስት ስድስት ፊልም ነበር።

ስለዚህ ሣጥን ካነሳሁ ስለራሳችን ፊልም ሳልነግርህ አላልፍም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የ1976 ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር የተቀረፀ። ባላባቱና ገበሬው፣ መሬቱና ጭቆናው። በ2006 ቦሎኛ ላይ ታድሷል፤ የስኮርሴዚ ፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥም አለ። እኔ ያንን እንደሰማሁ አለቀ አልኩ። ከ«ቱኪ ቡኪ» በፊት የታደሰ ፊልም እንዴት ይቀራል? የመጀመሪያው ሣጥን በ2013 ሲመጣ የለም። በ2017 የለም። በ2020 የለም። በ2022 አራተኛው ሣጥን ሲታወጅ ዝርዝሩን ያነበብኩት መብራት ጠፍቶ በስልክ ነበር። ሃያ አራት ፊልም፣ የእኛ የለበትም። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ነው የከፋኝ።

ቆይቶ ነው ነገሩን በሌላ በኩል ያየሁት። ኃይሌ ፊልሞቹን ራሱ የሚያከፋፍል ሰው ነው። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሠርቶ በየከተማው አዳራሽ እየተከራየ ያሳየው እሱ ራሱ ነው። ሲያስተምር በኖረበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሳንኮፋ የሚባል የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፍቷል። የፊልሞቹን ዲቪዲ እዚያ ይሸጥ ነበር። እኔ ሣጥን ስጠብቅ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቼ በበሩ ያልፉ ነበር። መብቱ በማን እጅ እንዳለ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ትልቁን ኩባንያ አልጠብቅም ነበር። የአክስትህ ልጅ እዚያው ከተማ ናት። ጎራ ብላ ትጠይቅልህ።

አሁን ወደ ቀኑ። ክራይቴሪየን በየወሩ አጋማሽ አካባቢ ከሦስት ወር በኋላ የሚያወጣቸውን ያሳውቃል። የጃንዋሪው በኦክቶበር አጋማሽ ይታወቃል፤ በእኛ ጥቅምት 5 አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅምት ከገባ በኋላ ለገና ሻንጣ የምትገምተው ነገር የለም። እስከዚያ ያልታወጀ ፊልም ከእሷ ጋር አይመጣም። እስከዚያው ግን አታስገዛ። ባርንስ ኤንድ ኖብል የሚባለው መደብር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁላይና በኖቬምበር፣ የክራይቴሪየንን ዲስኮች በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። አንድ ብሉሬይ 39.95 ዶላር ነው፣ 4ኬው 49.95። አምስት ብሉሬይ 200 ዶላር ገደማ የነበረው ወደ 100 ይወርድልሃል። የኖቬምበሩ ቅናሽ የሚውለው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ስለሆነ ለገና ተጓዥ የተመቸ ነው።

ለፋሲካ የሚመጣ ሰው ካለህ ደግሞ የአዲስ ዓመታቸውን ሥዕል ጠብቅ። ክራይቴሪየን ጃንዋሪ 1 ላይ በዓመቱ የሚወጡ ፊልሞችን የሚጠቁም ሥዕል ለአንባቢዎቹ ሲልክ ኖሯል። ልክ እንደ እንቆቅልሽ ነው። አንድ ጫማ፣ አንድ ወፍ፣ አንድ የተሰበረ ወንበር ተሥሎ ከየትኛው ፊልም እንደሆነ መገመት ነው። እኛ ቤት ከገና በፊት ባለው ሳምንት ልጆቼን ሰብስቤ «እንቆቅልሽ» እላለሁ። «ምን አውቅልህ» ይላሉ። ሲያቅታቸው አገር ይሰጡኛል፤ ሲያቅተኝ እኔ እሰጣለሁ። ግን ከሥዕል ተነስተህ ገንዘብ አታውጣ። ሥዕሉ ለደስታ ነው። ለገንዘብ ላቦራቶሪውንና መብቱን ተከተል።

አሁን የምነግርህ ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል። መጀመሪያ ከአሜሪካ ያስመጣሁት ብሉሬይ አልሠራም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ፈንዲሻው ተፈንድቶ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ስክሪኑ ላይ ዲስኩን አልቀበልም የሚል ጽሑፍ መጣ። ባለቤቴ «ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ። አልተበላሸም። ብሉሬይ በሪጅን፣ ማለትም በዓለም ክፍል፣ የተከፈለ ነው፤ የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። አሜሪካ ሪጅን ኤ ነው። አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ሪጅን ቢ ናቸው። የእኔ ማጫወቻ ከዱባይ የመጣ ስለነበር ቢ ነበር። የክራይቴሪየን የአሜሪካ ብሉሬዮች ደግሞ ኤ ናቸው። ያ ዲስክ ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ እስካገኝ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የ4ኬ ዲስክ ሪጅን የለውም፤ ግን የ4ኬ ማጫወቻ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማጫወቻህን ጀርባ እይ። ቢ ብቻ ከሆነ፣ ከለንደን የሚመጣ ዘመድ ከዋሽንግተን ዘመድ ይሻልሃል። የእንግሊዞቹ ኩባንያዎች አሮውና ዩሬካ፣ እንዲሁም የእንግሊዙ ፊልም ኢንስቲትዩት ቢኤፍአይ የሚያወጧቸው የቆዩ ፊልሞች አብዛኞቹ ለእኛ ሪጅን ይሆናሉ። ለግምትም ይመቻሉ፤ እንግሊዝ ውስጥ ዲስክ ከመሸጡ በፊት የዕድሜ ደረጃ ማግኘት አለበት፣ ደረጃው ደግሞ ለሕዝብ ይለጠፋል። የአንድ አሮጌ ፊልም ስም እዚያ አዲስ ተመዝግቦ ካየህ አንድ ሰው ሊያወጣው ነው።

መጠበቅ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ክራይቴሪየን «ዘ ሰርድ ማን» የተባለውን የ1949 ፊልም በብሉሬይ አውጥቶ ነበር። በ2010 የፈረንሳዩ ስቱዲዮካናል መብቱን ሲወስድ ዲስኩ ከገበያ ወጣ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። መብቱ የሌላ አገር ኩባንያ የሆነ ፊልም በጥሩ ቅጂ እያለ አትጠብቅ።

ለአማርኛ ፊልም ደግሞ ከቶ አትጠብቅ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በፊልም ጥቅልል የተሠሩ ናቸው። ኔጌቲቭ ካለ አንድ ቀን ይታደሳሉ የሚል ተስፋ አለኝ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በቪዲዮ የተቀረፁት ግን ከካሴቱ የተሻለ ምንጭ የላቸውም። ብዙዎቹ በእጃችን የገቡት በቪሲዲ ነው። አንድ ቪሲዲ ከ80 ደቂቃ በላይ አይይዝም፤ ለዚያ ነው አንዱ ፊልም በሁለት ዲስክ የሚሸጠው። ጣፎ መንገድ ዳር የነበረ ካሴት ማከራያ ሲዘጋ ባለቤቱ ቪሲዲዎቹን በኩንታል አውጥቶ ነበር። እኔ «የታወቁት ፊልሞች ናቸው፣ በዲቪዲ ይወጣሉ» ብዬ አሥራ ሁለት ብቻ መርጬ ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ከተውኳቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የትም ያላገኘኋቸው አሉ። ለውጪው ፊልም ላቦራቶሪ፣ ኩባንያ፣ ቀጠሮ አለ። ለእኛ ፊልም ያለው አንተ የያዝከው ቅጂ ነው። ስታገኝ ውሰድ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ፣ ሽፋኑንም በስልክ አንሳ። ክረምት ላይ ወረቀቱ ይሻግታል።

ወደ አምስቱ ልመለስ። እኔ አንተን ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አንዱን ቦታ ለኃይሌ ፊልም እተወዋለሁ። ሁለቱን በቅርብ ታድሰው ለወጡ ፊልሞች አደርጋለሁ፤ የሚያነብ ማጫወቻ ካለህ «ሰባቱ ሳሙራይ» አንዱ ይሁን፣ እሱን የሚበልጥ ቅጂ ቶሎ አይመጣም። አራተኛውን ከገበያ ሊወጣ ይችላል ለምትለው። አምስተኛውን ጥቅምት 5 እስኪያልፍ ባዶ ተወው።

የማጫወቻህን ሞዴል እዚሁ ጻፍልኝ። አንተ የካ አባዶ ነህ፣ ሩቅ አይደለንም። የአሜሪካ ዲስክ አውስህና ቤትህ ሞክረው፤ ካነበበልህ ለአክስትህ ልጅ ዝርዝሩን ትልክላታለህ።