መልስ፦ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተርህ ማራገቢያ እየዞረ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ሲቀናው ቢነሳም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ «ኤፍ 1 ተጫን» ይላል ብለሃል። የቀኑ ነገር ቀላል ነው፤ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ሳታልቅ አልቀረችም። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ባለ 3 ቮልቷ ናት። ቀይራትና ሰዓቱን አስተካክል።

ጥቁሩ ስክሪን ግን የራም፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው የማስታወሻ ካርድ ጉዳይ ይመስለኛል። እኔም አዘዞ ሳለሁ እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ፤ በበጋ አቧራው ገብቶ ውስጡ ዱቄት የተነፋበት ወንፊት ይመስል ነበር። አንድ ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ቢለኝ አላመንኩትምና ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ። ሶኬቱን ነቀልኩ፤ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣሁ፤ የሳጥኑን ባዶ ብረት ነካሁ። ከዚያ ሁለቱን ራሞች አውጥቼ ወርቃማውን ጠርዛቸውን በነጭ ላጲስ ቀስ ብዬ ፈተግሁ፤ ፍርፋሪውንም በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁ። አንዱን ብቻ መልሼ መቆለፊያው «ቀጭ» እስኪል ተጫንኩት። ተነሳ! ሁለተኛውን ስጨምር እንደገና ጨለመ፤ የመጀመሪያው በሠራበት ቀዳዳ ብቻውን ስሞክረውም አልነሳም፤ ጥፋተኛው እርሱ ነበር።

ይህም ካልሠራ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሲሊንደሮች እያቸው፤ አናታቸው ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ወደ ባለሙያ ውሰደው። ፓወር ሰፕላዩን (የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበትን ሳጥን) ግን ራስህ እንዳትከፍት፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።