የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ድርጅቶች ማኅበር ለአነስተኛ ድርጅት ምን ያደርጋል?

ወንድማችን የጠየቅከው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አነስተኛ የሲቪል ምህንድስና ድርጅት ለከፈተ ሰው የማኅበሩ መዋጮ ምን ይመልሳል፣ ደግሞስ የመንግሥት ሥራ ላይ ስንወዳደር ዋጋ አታስገቡ የሚሉን ለምንድን ነው የሚል ነው። ሁለቱም መልስ ከማኅበሩ ታሪክ ይገኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ከፈቃድ ሰጪው ቦርድ ጋር አታምታታው። ቦርዱ የመንግሥት ነው፤ የመጣውም የሴንት ፍራንሲስ ግድብ በ1928 ተደርምሶ ከ400 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1929 በወጣው የሲቪል መሐንዲሶች ምዝገባ ሕግ ነው። ዛሬ ኤሲኢሲ ካሊፎርኒያ፣ ቀድሞ ሴልሶክ የተባለው ማኅበር ግን አባል የሚያደርገው ግለሰብን ሳይሆን ድርጅትን ነው። የአገር አቀፉ ማኅበር መሠረት በ1910 የተቋቋመው የአማካሪ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩትና በ1956 የተመሠረተው የአማካሪ መሐንዲሶች ምክር ቤት ሲሆኑ፣ ሁለቱ የተዋሐዱት በ1973 ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። በ1972 የቴክሳሱ እንደራሴ ጃክ ብሩክስ ያቀረቡት ሕግ የፌዴራል መንግሥት መሐንዲስን በብቃት እንዲመርጥ አስገደደ። ካሊፎርኒያ በ1974 የራሷን አወጣች፤ ገቨርንመንት ኮድ (የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት አሠራር ሕግ) አንቀጽ 4525 እና ተከታዮቹ ናቸው። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ቢያንስ ሦስት ድርጅቶችን በብቃት ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ከአንደኛው ጋር በዋጋ ይደራደራል፤ ካልተስማሙ ድርድሩን በይፋ ዘግቶ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። አገር ቤት በዓለም ባንክ ፕሮጀክቶች እንደለመድነው የቴክኒክና የፋይናንስ ነጥብ ተደምሮ አሸናፊ አይወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዲዛይን ክፍያ ከጠቅላላው የግንባታ ወጪ ትንሹ ክፍል ነው። እሱን ለማሳነስ የአፈር ምርመራ ጉድጓድ ሲቀነስና ስሌቱን የሚፈትሽ ሁለተኛ ሰው ሲቀር፣ ጉድለቱ በግንባታ ወቅት ተጨማሪ ወጪ የሚያስከትል የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ የቴክኒክ ሰነድህ ውስጥ አንድም የዋጋ ቁጥር አይግባ። አንዳንድ ከተሞችና ካውንቲዎች ዋጋውን በተለየ የታሸገ ፖስታ ይጠይቃሉ፤ ያኔ መመሪያቸውን ቃል በቃል ተከተል። የሰዓት ክፍያ ሠንጠረዥ ከቡድኑ የሥራ ልምድ መግለጫ ጋር ተያይዞ መሄዱ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሙያ ማኅበር አባላቱን በሥነ ምግባር ደንቡ የዋጋ ውድድር ቢከለክል የፀረ ሞኖፖል ሕግን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ገዢውን መሥሪያ ቤት ማሰር የሚችለው ሕግ ነው፤ ማኅበር ዋጋ አትስጡ ብሎ ማዘዝ አይችልም። በማኅበሩ ስብሰባ፣ በቡና ሰዓትም ቢሆን፣ ከተፎካካሪ ጋር ስለ ክፍያ መጠን አትነጋገር።

ትልቁ ትግል ግን ከክፍለ ግዛቱ ተቀጣሪ መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ነበር። በ1934 ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባው የሲቪል ሰርቪስ አንቀጽ፣ ተቀጣሪዎች ሊሠሩት የሚችሉትን ሥራ ለግል ድርጅት መስጠትን ይገድብ ነበር። ከ1989ኙ የሎማ ፕሪዬታ ርዕደ መሬት በኋላ ድልድዮችን የማጠናከር ሥራ ተከምሮ ካልትራንስ (የክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የግል ድርጅቶችን ሲፈልግ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1990 የተጣለውን እገዳ በ1997 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። የድርጅቶቹ ማኅበር ዞሮ ወደ መራጩ ሕዝብ ሄደ፤ በኅዳር 2000 መንግሥት ለግል መሐንዲሶች ሥራ እንዲሰጥ የሚፈቅደው የሕዝብ ውሳኔ፣ ፕሮፖዚሽን 35፣ በ55 በመቶ ድምፅ ገደማ አለፈ፣ ክርክሩም ቀጥሎ በ2007 ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። አንድ ድርጅት ብቻውን ይህን የሚያህል ዘመቻ ሊያካሂድ አይችልም፤ በእኔ እምነት የመዋጮው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ለአንተ ግን የቅርቡ ድል ይበልጥ ይነካሃል። የካሊፎርኒያ ሲቪል ኮድ (የፍትሐ ብሔር ሕግ) አንቀጽ 2782.8 ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች፣ ደንበኛህ ሲከሰስ ከአንተ የሚጠየቀው የጥብቅና ወጪ ከጥፋትህ ድርሻ እንዳይበልጥ ይገድባል። ልዩ ሁኔታዎች ስላሉት ጠበቃ ይየው። የሙያ ኢንሹራንስህ የሚሸፍነው ቸልተኝነትህን ነው፤ ገና ጥፋት ሳይረጋገጥ ደንበኛውን እከላከላለሁ ብለህ የፈረምከውን ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። በውሉ ውስጥ መከላከል የሚለው ቃል ካለ፣ ከመፈረምህ በፊት ለኢንሹራንስ ደላላህ ላከው።

ክፍያ ቢዘገይብህ ሲቪል ኮድ 3320ን ያዝ፦ መሥሪያ ቤቱ በሥራው ሂደት የሚከፈለውን ክፍያ የጽሑፍ ጥያቄህ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ያለአግባብ ለያዘው ገንዘብ በወር 1.5 በመቶ ይቀጣል። ንዑስ አማካሪ ከሆንክ ደግሞ በ3321 መሠረት ዋናው ድርጅት ገንዘቡ በእጁ በገባ በ15 ቀን ውስጥ ድርሻህን ይከፍልሃል።