ትከሻህ የማይሸሸው ጠመንጃ

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ዘንድሮ ኖቬምበር ላይ አጋዘን አደን ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኛል። የአዳኝነት ኮርሱን ጨርሼ ወረቀቴን ይዣለሁ። የቀረኝ ጠመንጃው ነው፣ ጭንቀቱም እዚያ ላይ ነው። የሱቁ ሰውዬ «.300 ማግነም ውሰድ፣ አንዴ ገዝተህ ትገላገላለህ» ይለኛል። ጓደኛዬ ከ30-06 ወዲያ ጠመንጃ የለም ባይ ነው። ዩቲዩብ ከገባሁ ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ 6.5 ክሪድሞር ነው። ባለቤቴም መተኮስ መማር ትፈልጋለች፤ እሷ ቀጠን ያለች ናት። ሁለት ጠመንጃ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። እናቴ በበኩሏ «ለመሆኑ ሥጋው ይበላል?» እያለች በስልክ ወጥራ ይዛኛለች። ምን ይመክሩኛል?

ዳ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ ዳ.፣ በመጀመሪያ የሱቁን ሰውዬ እርሳው።

ለምን እንደምልህ ልንገርህ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት እኔም እንዳንተ አንድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሻጩ ቁመቴን ከላይ እስከ ታች አየና .300 ዊንቸስተር ማግነም አስታቀፈኝ። እኔም ልቤ አበጠ። የአርማጭሆ ልጅ ትንሽ ጠመንጃ ይዞ ሊታይ ነው እንዴ! የኢላማ ሜዳ ሄጄ ሦስተኛውን ጥይት ስተኩስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ረገጠና ላዩ ላይ ያለው ማነጣጠሪያ መነጽር ቅንድቤን ሰነጠቀው። ዓይኔን በጣም አስጠግቼ ስለነበር ጥፋቱ የራሴ ነው። ጠባሳው እስካሁን አለ፤ ልጄ «አጋዘኑ የመታህ» ትለዋለች።

ከጠባሳው የከፋው ግን በኋላ የመጣው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጩን ልስብ ስል ዓይኔ ይጨፈናል፣ ትከሻዬ ይሸሻል። እኔ ደግሞ አይታወቀኝም። በዚያው ዓመት 70 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያነሰ ነው) ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ የቆመ አጋዘን ሆዱን መታሁት። እስኪጨልም ደሙን ተከትለን ጠፋብን። ያገኘነው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ ሞቶ፣ ሥጋው ተበላሽቶ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጠመንጃውን በኪሳራ ሸጥኩትና .308 ገዛሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እሱን ነው የምይዘው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እነዚህ ሁሉ ጠመንጃው የሚጎርሰው ጥይት ስሞች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የአረሩን ውፍረት በኢንች የሚናገር ነው። .308 ወደ ሚሊ ሜትር ስትቀይረው 7.8 ገደማ ይሆናል። 6.5 ደግሞ ከመነሻው በሚሊ ሜትር የተሰየመ ነው። 30-06 ላይ ያለው 06 ግን ልኬት አይደለም፣ ዓመት ነው። የአሜሪካ ጦር ያን ጥይት የተቀበለው በ1906 ነውና። እሱ እንኳ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የክቡር ዘበኛ ሰዎች ኮሪያ ይዘውት የዘመቱት ኤም ዋን የተባለው ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ጥይት ነው። ጓደኛህ ለ30-06 ቢሟገት አይፈረድበትም። አጎቴም በሕይወት ቢኖር ከእሱ ጋር ይቆም ነበር።

ግን የምታድነው ምን እንደሆነ እናስብ። የቨርጂኒያ አጋዘን፣ ፈረንጆቹ ነጭ ጅራት የሚሉት፣ ትልቅ የሚባለው ወንዱ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከነነፍሱ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢመዝን ነው። (በነገራችን ላይ እኛ አገር አጋዘን የምንለው ሌላ እንስሳ ነው። የኛው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ የዚህ አገሩ በየዓመቱ ይጥልና እንደገና ያበቅላል። ስሙን ግን ሁላችንም ለምደነዋል፣ ይቅር።) ያን የሚያህል እንስሳ ለመጣል ማግነም አያስፈልግም። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የምትተኩሰውም ባብዛኛው ከ100 ያርድ ባነሰ ርቀት ነው። እዚያ ርቀት ላይ .243ም 6.5ም .308ም 30-06ም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ሳንባና ልብ ያለበት ቦታ ላይ ካረፉ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ያ ቦታ የአንድ ሳህን ስፋት አለው፤ 20 ሴንቲ ሜትር በለው። አጋዘኑ በየትኛው ጥይት እንደተመታ አያውቅም። የት እንደተመታ ግን ያውቃል።

ስለዚህ የሚለያያቸው ትከሻህ ላይ የሚያሳርፉት ምት ነው። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ጠመንጃዎች ቢሆኑና የ.243ን ምት አንድ ብንለው፣ 6.5 ክሪድሞር አንድ ከሲሶ ገደማ ይሆናል። .308 አንድ ተኩል አልፎ ወደ ሁለት ይጠጋል። 30-06 ሁለት ያህል ነው። .300 ማግነም ወደ ሦስት ይሄዳል። ሰውዬው «አንዴ ገዝተህ ትገላገላለህ» ያለህ ይህን ነው።

ለብቻህ ቢሆን .308 ውሰድ ብዬህ ዝም እል ነበር። ባለቤትህም የምትተኩስበት ከሆነ ግን የእኔ ምርጫ 6.5 ክሪድሞር ነው። ስለሱ የሚወራው ጫጫታ ያሰለቸኛል፤ እሱ ከወጣበት ከ2007 በፊት አጋዘን የሚገድል ጥይት ያልነበረ ያስመስሉታል። ጠመንጃው ግን እውነትም ምቹ ነው። ምቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ጥይቱም በየሱቁ ይገኛል። 7 ሚሊ ሜትር-08 የሚባለውም ግሩም ነው፤ ችግሩ በአደን ሰሞን መደርደሪያው ላይ ታጣዋለህ። .243 ከሁሉም የዋህ ነው። ነገር ግን አረሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ ስህተት አይታገስም። ለጀማሪ የሚሰጡት ሰዎች አሉ፤ እኔ ለጎበዝ ተኳሽ ነው የምሰጠው። ከ.243 አትውረድ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ.23 ባነሰ ካሊበር አጋዘን መምታት ሕገ ወጥ ነው፤ ስለዚህ .223 አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። .243ም 7 ሚሊ ሜትር-08ም ከ.308 ቀለህ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አፋቸው ጠቦ ነው እንጂ ቁመናቸው አንድ ነው። የአንዱን ለሌላው አጉርሰህ ብትተኩስ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ስምና የጥይቱ ቂጥ ላይ የተጻፈውን ሁልጊዜ አስተያይ።

ጥይት ስትገዛ ሳጥኑ ላይ ለአደን የሚል ይኑርበት። የወታደሩ ዓይነት፣ አረሩ ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው፣ በስቶ ያልፍና እንስሳው ቆስሎ ይሄዳል። የአደኑ ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። ለ6.5 140 ግሬይን፣ ማለትም 9 ግራም ያህል የሚመዝን አረር ጥሩ ነው። አቅምህ ከፈቀደ ንጹሕ መዳብ የሆነውን ግዛ። የእርሳሱ አረር ሲፈነዳ ዓይን የማያየው ብናኝ ሥጋው ውስጥ ይበትናል። በእርሳስ ከመታህም ከቁስሉ ዙሪያ ሰፋ አድርገህ ቆርጠህ ጣል፣ አትሰስት።

ከመግዛትህ በፊት ያን ፈረንጅ ጓደኛህን በየትኛው ካውንቲ እንደምታድኑ ጠይቀው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ በየካውንቲው ይለያያል። ፖቶማክን ተሻግረህ ሜሪላንድ ከገባህ ደግሞ ለአጋዘን ሾትገን የሚባለውን ባለ ሰፊ አፈሙዝ ጠመንጃ እንጂ ተራውን የአደን ጠመንጃ የማይፈቅዱ ካውንቲዎች አሉ። ይህን ሳይጠይቅ ጠመንጃ ገዝቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ የአገር ልጅ አውቃለሁ። ብርቱካናማ ልብስም ግዴታ ነው። ደማቅ ሮዝም ተፈቅዷል፤ ለባለቤትህ ንገራት።

ባለቤትህን መጀመሪያ በ.22 አስጀምራት፤ ድምፁም ትንሽ ነው፣ ጥይቱም ርካሽ ነው። ከዚያ 6.5ቱን ስትይዝ ትከሻዋ ምንም መፍራት አይማርም። አንተም አብረሃት ጀምር፣ አትፈር። ኦክቶበርን በሙሉ የወረቀት ሳህን ሰቅላችሁ ተኩሱ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ተንበርክካችሁ፣ ዛፍ ተደግፋችሁም ሞክሩት። ከአሥር ጥይት አሥሩም ሳህኑ ላይ የሚያርፍበትን ርቀት ለካው። ያ ርቀት 80 ያርድ ከሆነ 90 ላይ የቆመ አጋዘን ያንተ አይደለም።

የእናትህ ጥያቄ ቀረ። ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት እንስሳት መካከል ዋላ በስሙ ተጠርቷል። ስለ አራረዱ ግን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እኔ የጠመንጃ እንጂ የቀኖና ሰው አይደለሁም። የምለምንህ አንድ ነገር ጥሬውን እንዳትበላው ነው። ቁርጥም፣ ለብ ለብ ያለ ክትፎም ይቅርብህ። የዱር ሥጋ ነው፣ ጥገኛ ተባይ አያጣውም። በዚያ ላይ የአጋዘኖችን አንጎል የሚበላ በሽታ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ አለ። ወደ ሰው ሲተላለፍ እስካሁን አልታየም፤ ቢሆንም ማብሰል አያጠፋውምና በሽታው ባለበት አካባቢ ካደናችሁ አስመርምራችሁ ብሉ። ጥብሱ ግን ልዩ ነው። ጮማ የለውም፣ ቅቤውን አትሰስትበት።

ቀኑንም ልብ በል። የጠመንጃው አደን የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ቅዳሜ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኖቬምበር 24 (አንዳንድ ዓመት 25) ይገባል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀናህ አንድ ሳምንት ያህል ትበላለህ። ከዘገየህ ሥጋው ፍሪዘር ገብቶ ገናን ይጠብቃል። ለእናትህ ከአሁኑ ንገራት፣ በርበሬውን እስከዚያ ትልክልሃለች።