«ራሴን በእሳቸው ቦታ አድርጌ ነበር»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ከታች በጀሪካን እየቀዳን እንወጣለን። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ እናት አሉ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንን ሁሉ ደረጃ ተሸክሜ መውጣት እንደማልችል አሰብኩና የብሎኩ ወጣቶች በየተራ ውሃ እንዲያደርሱላቸው በስብሰባ አስወሰንኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን እንኳ በግድ ነው የሚመልሱልኝ። ኮግኒቲቭ ኢምፓቲ የሚባለው ራስን በሌላው ሰው ቦታ አድርጎ ማሰብ እንደሆነ አንብቤአለሁ። እንዲያ አድርጌ ካሰብኩ ቅሬታው ከየት መጣ?

መልስ፦ ያነበቡት ነገር ከእውነት የራቀ ባይሆንም ያልተሟላ ነው። ተመራማሪዎች ኢምፓቲን ቢያንስ በሁለት ከፍለው ያጠኑታል። አንደኛው የሌላውን ስሜት መጋራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያ ሰው ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚፈልግ በአእምሮ መረዳት ነው፤ ኮግኒቲቭ ኢምፓቲ የሚባለውም ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለቱ ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሲሞን ሻማይ-ጾሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል፦ የፊተኛው አንጎላቸው የታችኛው መካከለኛ ክፍል የተጎዳባቸው ሕሙማን በዋናነት የሌላውን ሐሳብ መረዳት ሲቸግራቸው፣ ጉዳቱ በፊተኛው አንጎል የጎን ክፍል የደረሰባቸው ደግሞ በዋናነት ስሜት መጋራት ነበር የተቸገሩት። ገበያተኛውን ከፊቱ አንብቦ የሚያታልል ደላላም መረዳቱ ሞልቶለት መጋራቱ የጎደለው ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ አዝነውላቸዋል፣ ያሳሰባቸውን ነገር ግን ገና አላወቁትም።

ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ በማሰብ ውስጥ ያለው ችግር፣ በዚያ ቦታ የሚቆመው ሰው አሁንም እኛው መሆናችን ነው። እርስዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሰቡት ሰው ጉልበቱ የእሳቸው፣ ልቡ ግን የእርስዎ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ሰዎች የሌላውን አመለካከት ሲገምቱ ከራሳቸው ይነሡና ወደዚያኛው ጥቂት በጥቂት ይጠጋሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚበቃቸውን ያህል ሳይሄዱ ይቆማሉ። ኤፕሊ ከታል ኢያልና ከሜሪ ስቴፍል ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። በ25 ሙከራዎች ተሳታፊዎች የሰውን ስሜት ከፊቱ እንዲለዩ፣ የሚዋሸውን ከማይዋሸው እንዲነጥሉ፣ የትዳር ጓደኛቸውን ምርጫ እንዲተነብዩና ሌሎችም የመሳሰሉ ነገሮችን እንዲገምቱ ተደረገ፤ ገሚሶቹም ራሳቸውን በዚያ ሰው ቦታ አድርገው እንዲያስቡ በግልጽ ታዘዙ። እንዲህ ማሰባቸው በራስ ዓይን ብቻ የመመልከትን ዝንባሌ ቀነሰ፤ ግምታቸውን ግን ትክክለኛ አላደረገውም፤ እንዲያውም በጥቅሉ ሲታይ ትንሽ አሳሳተው፣ አንዳንዴም በግምታቸው ላይ ያላቸውን እምነት ከፍ አደረገ። ትክክለኛነቱን የጨመረው፣ በመጨረሻው ሙከራ እንደታየው፣ ሰውየውን ራሱን አነጋግሮ ሐሳቡን መስማት ነበር። የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅም የሚለውን ተረት አዘውትረን እየደገምን የመጠየቅ ልማዳችን ግን አነስተኛ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለዚህ እኚህ እናት ለምን ቅር እንዳላቸው እኔም ልገምትልዎ አልፈልግም። ጉዳያቸው በስብሰባ ፊት መነሣቱ ይሆናል፣ በየቀኑ አዲስ ፊት በራቸውን ማንኳኳቱ ይሆናል፣ ወይም ከውሃው ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ይሆናል።

መጠየቁ ግን በእኛ አገር የራሱ ጥበብ አለው። የጥናቱ ተሳታፊዎች የተጠየቁትን በቀጥታ መልሰዋል፤ በይሉኝታ ያደጉ አንዲት እናት ግን «ምን አስቀየምኩዎት?» ቢባሉ «ኧረ ምንም የለም ልጄ» ብለው ሊሸኙዎት ይችላሉ፤ ያንን ቃል እንደ መልስ ከወሰዱት ደግሞ ተመልሰው ግምት ውስጥ ገቡ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ስለ ቅሬታው ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ቢጠይቁ ይሻላል፦ ውሃው በስንት ሰዓት ቢመጣላቸው እንደሚመቻቸው፣ ማን እንዲያመጣላቸው እንደሚፈልጉ፣ ወይስ ሌላ መላ እንዳላቸው። ሄደው ይጠይቋቸው፤ ያለ ምስክር፣ ያለ ኮሚቴ፣ ቢቻል ቡና ሲያፈሉ። ውሳኔውንም ለእሳቸው ይተዉላቸው፤ «አልፈልግም» ካሉም ውሳኔው በጸጥታ ይሰረዝ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው አንድ ተማሪዬ ቤታቸው የሆነውን ነገር ሁሉ እኔም እንዳየሁት አድርጎ ያወራኛል፤ «አላየሁም» ስለው ይናደዳል። ወላጆቹ ይህ የእድገት ችግር ይሆን እያሉ ይሰጋሉ።

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሃይንትስ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት አንድ ታሪክ ነገሯቸው፦ ማክሲ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ እሱ ሳያይ ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ታዛውረዋለች፤ ማክሲ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? የሦስት ዓመት ልጆች በአብዛኛው ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቦታ ያሳያሉ፤ እነሱ የሚያውቁትን ማክሲ ላያውቅ እንደሚችል ገና አልተገለጠላቸውም። መልሱ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ በአራትና በአምስት ዓመት መካከል ነው።

ይህ መረዳት ዕድሜ በራሱ ይዞት የሚመጣ ብቻ አይደለም። ካንዲዳ ፒተርሰንና ማይክል ሲጋል እ.ኤ.አ. በ1995 በአውስትራሊያ እንዳገኙት፣ የምልክት ቋንቋ አቀላጥፈው በማይናገሩ ሰሚ ወላጆች ቤት ያደጉ መስማት የተሳናቸው ልጆች እንዲህ ባለው ፈተና ይዘገያሉ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ፣ ከልደታቸው ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ከሚያወሯቸው መስማት የተሳናቸው ወላጆች ጋር ያደጉት እንደ እኩዮቻቸው ይደርሳሉ። ልዩነቱ ያለው ጆሮ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ በሚደረገው ጭውውት ላይ ነው።

እንግዲህ ልጁ ሲናደድ «እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ንገረኝና ልወቅ» ማለቱ ይበቃል። የጅብና የአህያ ተረት ሲነግሯቸውም መሐል ላይ ቆም ብለው ጅቡ ምን እንደመሰለው፣ አህያዋስ ምን እንደምታውቅ ይጠይቋቸው። አምስት ዓመት ካለፈው በኋላም ካልተለወጠና በንግግር ወይም ከልጆች ጋር በመጫወት ረገድ ሌላ ችግር ከታየበት፣ ያን ጊዜ የሕፃናት ሐኪም ማማከር ተገቢ ይሆናል።