ጭንቀት፣ ኤችፒቪ እና በጋዜጣ የተጠቀለለው ዱቄት

ጥያቄ፦ ለጤና ዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 34 ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ መንገድ ሲዘጋ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ሳይመለስ ይቆያል። ከአራት ወር በፊት የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጌ «ኤችፒቪ ተገኝቶብሻል፣ በዓይን ሲታይ ግን ችግር የለም» ተባልኩና ለዓመቱ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ፤ የወር አበባዬ ተዛባ፤ ባለቤቴ ሲመጣም ፍላጎት የለኝም፣ ስንገናኝም ያመኛል። እኅቴ «ይህን ያመጣብሽ ጭንቀት ነው» ትለኛለች። አማቴ ደግሞ ከገበያ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሥር ዱቄት አምጥተው በማር እንድወስደው፣ በተረፈውም እንድታጠንበት ይመክሩኛል፤ አንዲት የሰፈራቸው ሴት በዚሁ ድናለች ይላሉ። እውነት ጭንቀት ነው ያመጣብኝ? በተፈጥሮ መድኃኒትስ ይጠፋል? ባለቤቴንስ ልጠርጥረው?

መልስ፦ ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ገብቶኛልና። ኤችፒቪ (ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ) ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉትና አንዳንዶቹ ዓይነቶቹ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጡ የቫይረስ ወገን ሲሆን፣ ከእነዚህ 40 ያህሉ የመራቢያ አካላትን ይይዛሉ፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ አብዛኞቹ ሴቶችና ወንዶችም በዕድሜያቸው አንድ ወቅት ላይ ሳያውቁት ይዟቸው ያልፋል። ቫይረሱ አንዳች ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የምርመራው ውጤት ቫይረሱ መኖሩን እንጂ መቼና ከማን እንደመጣ አይናገርም፤ ከጋብቻችሁ በፊት ከእርስዎም ሆነ ከባለቤትዎ በኩል መጥቶ ሊሆን ይችላል። ለወንዶች የሚደረግ መደበኛ የኤችፒቪ ምርመራ ስለሌለም «አንተም ተመርመርና ይለይልን» ብሎ ማፋጠጡ መልስ አያስገኝም። ያን ወረቀት የትዳር ክስ ማስረጃ አያድርጉት። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ «ኤችፒቪ» የሚለውን ስም «ኤችአይቪ» ብለው ሰምተው ከምርመራ ክፍል እያለቀሱ የሚወጡ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው፤ ለባለቤትዎ ሲነግሩም ይህን ቀድመው ይንገሯቸው።

ወደ ጭንቀቱ ስንመጣ፣ እኅትዎ ግማሹን አግኝተውታል፣ ግማሹን ስተውታል። ጭንቀት ኤችፒቪን አይወልድም፤ ቫይረሱ የሚተላለፈው በቆዳና በስስ ሽፋን ንክኪ፣ በተለይም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ለረጅም ጊዜ በቆየ ጭንቀት ወይም ድብርት ውስጥ ባሉ ሴቶች ላይ ቫይረሱ ቶሎ ሳይጠፋ የመቆየት አዝማሚያ መታየቱን የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ ይሁን እንጂ ጭንቀቱ ራሱ ምክንያት ስለመሆኑ ማረጋገጫ አልሰጡም። ቫይረሱ ሥር እንዲሰድ በማድረግ በእርግጠኝነት የሚታወቁት ሲጋራ ማጨስ፣ ሕክምና ያልተደረገለት ኤችአይቪ፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክሙ መድኃኒቶችና የቫይረሱ የራሱ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ «ስለተጨነቅሁ ይዞኛል፣ አሁን ደግሞ መጨነቄ ሊያባብስብኝ ነው» እያሉ በጭንቀት ላይ ጭንቀት አይደራርቡ።

እኅትዎ ያገኙት ግማሽ ግን ቀላል አይደለም። የብድር መክፈያ ቀን ሲደርስ፣ የባለቤት ስልክ አልሠራ ሲል፣ ሰውነታችን አደጋ እንደመጣበት ቆጥሮ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሲሆን ጠቃሚ ነው፤ ለወራት ሲቀጥል ግን አንጎል ለእንቁልጢ (የሴትን እንቁላል ለሚያመርተው አካል) የሚልከው የሆርሞን ትእዛዝ ይዛባና የወር አበባ ይቀድማል፣ ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ የወሲብ ፍላጎትም አብሮ ይወርዳል። በግንኙነት ጊዜ ወደ ብልት ደም የሚያደርሱትና የተፈጥሮ ርጥበትን የሚያመጡት ነርቮች የሚሠሩት አካል ሲረጋጋ ነው፤ ልብ በስጋት ሲመታ ርጥበቱ ይቀንሳል፣ ድርቀቱ ሕመም ያመጣል፣ ሕመሙ ለሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃት ይተክላል፣ ፍርሃቱም መልሶ ያደርቃል። አሁን ያሉት በዚህ አዙሪት ውስጥ ይመስለኛል። ቫይረሱ ራሱ ግን ፍላጎት አይቀንስም፣ የወር አበባም አያዛባ፤ እነዚህን ምልክቶች የበሽታው መባባስ አድርገው አይውሰዷቸው። ሆኖም የወር አበባዎ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ካዩ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለዎት የዓመቱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። በሁለት ልጆች እናትነትዎ አያስቡት ይሆናል እንጂ፣ የቀረ የወር አበባ እርግዝናም ሊሆን ይችላል።

አሁን በጋዜጣ ወደተጠቀለለው ዱቄት። አማትዎ የነገሩዎት ሴትዮ «ድናለች» መባሏ ውሸት ነው አልልም፤ እንዲያውም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም በኤችፒቪ ከተያዙ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል ዱቄትም ሳይወስዱ፣ ክኒንም ሳይውጡ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የራሳቸው ሰውነት ቫይረሱን ያጠፋላቸዋል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ትልሳለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ታኝካለች፣ ሦስተኛዋ የሽፈራው ቅጠል ትጠጣለች፤ ሁሉም ይድናሉ፣ ምስጋናው ግን ለዱቄቱ ይሄዳል። ያልዳነችው አሥረኛዋ ሴት ደግሞ ታሪኳን በገበያ አታወራም። ቫይረሱን ከማሕፀን በር የሚያጠፋ ተብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት፣ ከዕፅም ሆነ ከፋብሪካ፣ እስካሁን የለም፤ ሐኪሙም ቢሆን የሚያክመው ቫይረሱ ያመጣውን የሕዋስ ለውጥ እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ይህን ሳይደብቁ መናገር ለባህል ሕክምናም ለዘመናዊ ሕክምናም ክብር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥቁር አዝሙዱንና ነጭ ሽንኩርቱን በምግብ ውስጥ ይብሏቸው፤ ጉዳት የላቸውም። ማንነቱና መጠኑ የማይታወቅ የሥር ዱቄት ግን ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አይውሰዱት። ከዚህ ይልቅ ያስፈራኝ መታጠኑ ነው። ወይባ በወግ በማዕረጉ፣ በወላድ ቤትም ሆነ ለውበት፣ የቆየ ባህላችን መሆኑን አውቃለሁ፤ ለቆዳ የታሰበው ጢስና ሙቀት ግን ወደ ብልት ሲገባ ስሱን ሽፋን ያደርቃል፣ ያቃጥላልም፤ ለእርስዎ ደግሞ ድርቀቱ በድርቀት ላይ ነው። በብልት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አካባቢውን አሲዳማ አድርገው ይጠብቁታል፤ በሎሚ፣ በጨው፣ በሳሙና ወይም በጢስ ሲረበሹ ሌሎች ተሕዋስያን ቦታውን ይይዙታል፤ የእነዚህ ባክቴሪያዎች መዛባት ኤችፒቪ ሳይጠፋ ከመቆየቱ ጋር ተያይዞም ተገኝቷል። ስለዚህ ከውጭ በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ወደ ውስጥ ምንም አይግባ። በምርመራው ጊዜ የማሕፀን በርዎን ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ ቀብተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲጠብቁ አይተው ይሆናል። «ኮምጣጤ ነው» ሲባል ሰምተው ቤታቸው ገብተው በኮምጣጤ የታጠቡ ሴቶች አጋጥመውኛል። ኮምጣጤው የተለወጠውን ሥጋ ነጭ አድርጎ የሚያሳይ እንጂ የሚያድን አይደለም።

ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፤ ቄሱም ሐኪሙም ጸበልንና ሕክምናን ሊያጣሏቸው አይገባም። በጾም ወራት ግን ጎመኑንና ምስሩን አያሳንሱ፤ ሕዋሳት በትክክል እንዲባዙ የሚያስፈልገው ፎሊክ አሲድ በብዛት ያለው እነሱ ውስጥ ነው። እንቅልፍን በተመለከተ፣ የከሰዓቱን ቡና እስከ ቶናና በረካ አያድርሱት፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ስለሚውሉ፣ ሲመሽ ጣና ዳር ወርደው ግማሽ ሰዓት ያህል መራመድ ኮርቲሶሉን ለማውረድም ለእንቅልፍም ይረዳል። ስለ ግንኙነቱ ደግሞ፣ ሕመም እስካለ ድረስ «ግዴታዬ ነው» ብለው አይቻሉት፤ ለጥቂት ሳምንታት ሳይገናኙ መቀራረብን ብቻ ይልመዱ፤ ከዚያም ከመድኃኒት ቤት ውኃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ መጠቀም ይቻላል። ቅቤና ቫዝሊን ግን ኮንዶም አዳክመው እንዲቀደድ ስለሚያደርጉ አይሁኑ።

ከሁሉ በላይ ያቺን የቀጠሮ ካርድ አይጣሏት። ኤችፒቪ 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች በዓለም ላይ ከሚገኘው የማሕፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ፤ ነገር ግን ጤነኛ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ቫይረሱ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የዓመቱ ቀጠሮ የተሰጠዎት ችላ ተብለው ሳይሆን ጊዜ ስላለዎት ነው፤ በቀጠሮው የሕዋስ ለውጥ ቢታይ እንኳ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ በዕለቱ ታክመው ወደ ቤትዎ ሊመለሱ ይችላሉ። ሴት ልጅ ካለችዎት ደግሞ የኤችፒቪ ክትባት ያስከትቧት፤ ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በመደበኛነት መሰጠት የጀመረ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ መከተብ በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ አስታውቋል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። በእርስዎ ላይ ያለውን ቫይረስ ግን ክትባቱ አያጠፋም።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በዘጌ መስመር ጀልባ ላይ እሠራለሁ። ብልቴ ላይ ትናንሽ ኪንታሮቶች ወጥተውብኝ አንድ መድኃኒት ቤት «የኪንታሮት መድኃኒት» ብዬ ጠይቄ የገዛሁት ቅባት ምንም አልሠራልኝም። ጓደኛዬ የቁልቋል ወተት ቀባ ብሎኝ ቀብቼ ቆስያለሁ። ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ከሐሳብ ብዛት ጠዋት ጠዋት ይነሳ የነበረው ብልቴ እንኳ እንደድሮው አልሆነም። ካንሰር ይሆንብኛል?

መልስ፦ ቅባቱ ያልሠራው ቋንቋችን ስላሳተዎት ነው። አማርኛ የፊንጢጣ ደም ሥር እብጠትንም የቆዳ ላይ እድገትንም «ኪንታሮት» ይለዋል፤ የተሸጠልዎት የፊንጢጣው ኪንታሮት መድኃኒት እንደሆነ አልጠራጠርም። በብልት ላይ የሚወጣው ኪንታሮት 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከኤችፒቪ 6 እና 11 ሲሆን፣ እነዚህ ዓይነቶች ካንሰር በማምጣት አይታወቁም። የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ኪንታሮቱንና ጤነኛውን ቆዳ ለይቶ አያውቅም። ዕፅ ስለሆነ አይደለም ይህን የምለው፤ ጤና ተቋም ውስጥ ለዚሁ የሚቀባው ፖዶፊሊን ከተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተሠራ ቅባትም በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጭ ኪንታሮት ተፈቅዷል። ልዩነቱ መጠኑ መለካቱና የሚቀባው ሰው የት እንደሚቀባ ማወቁ ነው።

አሁን ቁስሉን በንጹሕ ውኃ እያጠቡ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ቢመግል ወይም ትኩሳት ቢኖርዎት በዚያው ዕለት ይታዩ። ቁስሉ ሲድን ኪንታሮቱ በባለሙያ ይቀባል ወይም በማቀዝቀዝ ይወገዳል፤ ደጋግሞ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። የብልትዎ መነሳት መቀነሱ በዚህ ዕድሜ በአብዛኛው ከሐሳብና ከእንቅልፍ ማጣት የሚመጣ ነው፤ ኪንታሮቱ ሲድንም ካልተስተካከለ ግን ለዚያው ባለሙያ ይንገሩ። ለእጮኛዎ ከሠርጉ በፊት መንገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኮንዶም መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ያልሸፈነውን ቆዳ ስለማይከላከል መንገሩ አይቀርም። ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ደግሞ አፍረው «ኪንታሮት» ብለው አያቋርጡ፤ «የብልት ኪንታሮት» ብለው ሙሉውን ይጥሩት።