«የእኔ ነው!» የሚሉ ሕፃናትና ተራ መጠበቅ

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ታናሺቱ መጫወቻዋን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም፤ ሌሎች ልጆች ሲመጡ «የእኔ ነው!» እያለች ታለቅሳለች፣ አንዳንዴም ትማታለች። እኔም አፍሬ ከእጇ እወስድና ለእንግዳው ልጅ እሰጣለሁ፤ ሆኖም ከቀን ወደ ቀን እየባሰባት ነው። ታላቅየው ደግሞ «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውላት» ሲባል ማኩረፍ ጀምሯል። ስስታም ሆና እንዳታድግ ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ስስታም አይደለችም። የሦስት ዓመት ልጅ ንብረቷን አጥብቃ መያዟ ከዕድሜዋ ጋር የሚሄድ ነው፤ አንድ ነገር የራሷ መሆኑን በደንብ ሳታውቅና የሰጠችው ነገር ተመልሶ እንደሚመጣ ሳታምን ማካፈልን ልትወድ አትችልም። በስዊዘርላንድ ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያሉት አብዛኞቹ ለራሳቸው ሲያደሉ፣ ከ7 እስከ 8 ዓመት ያሉት ግን በአብዛኛው እኩል መካፈልን መርጠዋል። ስለዚህ ከልጅዎ ዛሬ ሊጠይቁ የሚገባው ልግስናን ሳይሆን ተራ መጠበቅን ነው፤ ይህኛው በዚህ ዕድሜም ሊለመድ ይችላል።

ለእንግዳው ልጅ አዝነው መጫወቻውን ከእጇ ሲወስዱ፣ እርሷ የምትማረው ጉልበት ያለው ሰው የፈለገውን እንደሚወስድ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ አጥብቃ የምትይዘውም ስለዚህ ነው። በእኛ እምነት የያዘው ልጅ እስኪበቃው ድረስ ሊጫወት፣ የአዋቂው ድጋፍም ለሚጠብቀው ልጅ ሊሆን ይገባል። ለምሳሌ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሌላው ልጅ መሪውን ይዞ ቢጎትት፣ ጎንበስ ብለው እጁን በቀስታ ያላቅቁና «አሁን ተራው የእሷ ነው፤ ስትጨርስ ያንተ ይሆናል፤ እስከዚያው ከእኔ ጋር ጠብቅ» ይበሉት። ቢያለቅስም አይቆጡት፤ መጠበቅ ለሕፃን በእውነት ከባድ ነው። እርሷንም «ስትጨርሺ በራስሽ እጅ ትሰጪዋለሽ» ይበሏት። በራሷ ፈቃድ ወርዳ መሪውን ስታስረክበው ማየት፣ ከመቶ ምክር ይልቅ ለሁለቱም ልጆች ብዙ ያስተምራል።

ብዙ ልጆች የሚጠቀሙበት ዥዋዥዌ ላይ ግን ገደብ ያስፈልጋል። «አምስት ደቂቃ» ማለት ለሦስት ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም፤ «አሥር ጊዜ ተወዛወዢና ትወርጃለሽ» ብሎ አብሮ መቁጠር፣ ወይም የአሸዋ ሰዓት አስቀምጦ አሸዋው ሲያልቅ ማሳየት ይሻላል። ልምምዱንም ጠብ በሌለበት ሰዓት ይጀምሩት፦ ኳስ እያንከባለሉ «ተራዬ፣ ተራሽ» መባባል መጠበቁን አጭርና አስደሳች ያደርግላታል።

ስታካፍል በስጦታ አይደልሏት። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ሰውን ስለረዱ ሽልማት የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት በኋላ ላይ የመርዳት ፍላጎታቸው ቀንሶ ታይቷል፤ ጥናቱ ስለ መርዳት እንጂ ስለ ማካፈል ባይሆንም ልብ ሊባል ይገባል። ይልቅስ «እይው፣ ስትሰጪው እንዴት ደስ አለው!» ማለት ዓይኗን ወደ ጓደኛዋ ፊት ይመልሰዋል።

መማታቱ ግን ፈጽሞ አይታለፍ፤ ወዲያውኑ እጇን ይያዙና «መማታት የለም፤ ‹አልጨረስኩም› በይው» ብለው የምትናገረውን ቃል ይስጧት።

ታላቅ ወንድሟ ማኩረፉ አያስደንቅም፤ ትልቅ መሆን ተራን ለመነጠቅ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ሕጉ ለእርሱም እኩል ይሥራ፤ እርሷ የማትደርስበት የራሱ መደርደሪያም ይኑረው። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ «ዛሬ ማንም እንዳይነካብሽ የምትፈልጊው የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቋትና የመረጠችውን አሻንጉሊት አብረው ያስቀምጡ። የቀረው ለሁሉም መጫወቻ እንደሚሆንም እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ይንገሯት።