ልጄ አይድንም ተብያለሁ፤ ለቀረን ጊዜ መዘጋጀት እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ በጠና ታሟል። ሐኪሞቹ የሚያድነው ሕክምና እንደሌለ፣ የቀረውም ጥቂት ወራት እንደሆነ ነግረውኛል። እንዲምርልኝ እየለመንኩ ለመለየቱ ብዘጋጅ እግዚአብሔርን መጠራጠር ይሆንብኛል? «እሞታለሁ ወይ?» ቢለኝስ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። አይሆንብሽም። ዳዊት ልጁ ሲታመም ሰባት ቀን እየጾመ በመሬት ላይ ተኝቶ ለመነ፤ ሕፃኑ ሲሞት ተነሥቶ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ገብቶ ሰገደ (2ኛ ሳሙ. 12)። ልመናውም ስግደቱም ከአንድ እምነት የወጡ ናቸው። ያ ታሪክ ከዳዊት በደል ጋር ስለተያያዘ ግን ወደ ራስሽ እንዳታዞሪው፤ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ ተናግሯል (ዮሐ. 9፥3)።

ዛሬውኑ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ብዙ ወላጆች ቅዱስ ቁርባኑን ለመጨረሻዋ ቀን ያቆዩታል፤ ያኔ ልጁ መዋጥ ይሳነዋል። አሁን፣ መቀመጥና መዋጥ ሲችል ይቁረብ። ሕመምተኛው በዘይት የሚቀባበት ጸሎተ ቀንዲልም ለሚያጣጥር ብቻ አይደለም፤ ያዕቆብ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው ያለው (5፥14)። ጾም በታመመ ልጅ ላይ አይጫንም። ጉዞው አቅሙን የሚጨርሰው ከሆነ ጠበሉ ወደ ተኛበት ይምጣለት።

የሕመም ማስታገሻውን ግን በጠበል ምክንያት እንዳታቋርጪ። ሞርፊን ከታዘዘለት ሕመሙ እስኪያገረሽ ሳትጠብቂ በሰዓቱ ስጪው፤ ከዘገየ ሕመሙን መልሶ መግታት ያስቸግራል። ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝለት ጠይቂ። በሥቃይ ላይ ያለ ልጅ መጫወትም መጸለይም አይሆንለትም።

ሲጠይቅሽ አስቀድመሽ «ምን አስበህ ነው?» በይው። አንዳንዴ የሚፈራው ሞቱን ሳይሆን ብቻውን መቅረትን ነው። ከዚያ በአጭሩ እውነቱን ንገሪው፦ ሕመሙ እንደበረታ፣ እስከ መጨረሻው ከአጠገቡ እንደማትለዪ፣ ጌታም ሕፃናትን እንደሚቀበል። ቤተ ክርስቲያናችን ሞትን እንቅልፍ ትለዋለች፤ ለልጅ ግን እንዲህ ብለሽ አትንገሪው፣ ዓይኑን መክደን ይፈራል። «በደንብ ከጸለይክ ትድናለህ» ደግሞ ባይድን ጥፋቱን በእርሱ ላይ ይጥላል። ወንድሞችና እህቶች ካሉትም በእነርሱ ንግግር ወይም ቁጣ እንዳልታመመ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ልጆች ይህን በልባቸው ይዘው ይሠቃያሉ።

በቀን የሚነቃባቸውን ሰዓታት አስተውይና ለእርሱ ተዪለት። ጠያቂ ይመጣል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አታስቀምጪው፣ ልጁ ሲደክም ሰው ይውጣ። ማንን ማየት፣ ምን መስማት እንደሚፈልግ እርሱ ይምረጥ። ብታለቅሺ አትደንግጪ፤ ስለምትወጂው እንደሆነ ንገሪው።

ወደ መጨረሻው ምግብ ይዘጋዋል። አታስገድጂው፤ ሰውነቱ ስለማይቀበለው ትንታ ያመጣበታል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አርሺለት። ዓይኑን ቢከድንም ሊሰማሽ ይችላልና በአጠገቡ ስለ እርሱ አትንሾካሾኪ፤ እጁን ይዘሽ የሚወደውን መዝሙር ቀስ አድርገሽ ዘምሪለት።